የማኅበረሰብ ሬዲዮ ምንድን ነው?

አንድ ጣቢያ የማኅበረሰብ ሬዲዮ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የፈቃድ ወረቀቱን ባላይም ግድ የለኝም። የቀን ፕሮግራሙን ካሳዩኝ ይበቃኛል። ሰዓቱ የተቆረጠው የአድማጩን ውሎ አይቶ ነው ወይስ ማስታወቂያ አስነጋሪውን?

ሕጉ በበኩሉ የራሱ ትርጉም አለው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ለይቷቸው ነበር፤ አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። የማኅበረሰብ የሚባለው ለትርፍ የማይሠራ፣ በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ጥቅም ያለው ሕዝብ በራሱ ፈቃድ የሚያቋቁመው ነው። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ፣ ዱራሜ የከምባታ ጣቢያ አላቸው። እንደ ጅማ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸውን ከፍተዋል።

እስቲ ከአንድ የገጠር ጣቢያ ጋር እንዋል።

ሥርጭቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀመረ እንበል። ገበሬው ገና ማሳ አልወጣም፤ ቡናው እሳት ላይ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገው የገበያ ወሬ ነው፦ ነጭ ጤፍ ትናንት ስንት ዋለ? ሽንኩርት ወረደ ወይ? ቀጥሎ የግብርና ባለሙያው ስንዴ ላይ ስለታየው ዋግ ስለሚባለው የሰብል በሽታ ያስረዳል። ንግግሩ የቢሮ ሪፖርት ከመሰለ ሰው ይዘጋዋል። ጎበዝ አዘጋጅ ታዲያ ባለሙያውን ስቱዲዮ አያስቀምጠውም፤ መቅረጫውን ይዞ ማሳ ድረስ ይወስደዋል። ቅጠሉን በጣቱ አሸት ሲያደርገው ቢጫ ዱቄት እጁ ላይ ይቀራል። «ይኸው! የእኔም እንዲህ ነው» የሚለው የገበሬው ድምፅ አብሮ ይቀረጻል። ከአሥር ማብራሪያ ያ አንድ ቃል ይሻላል።

ከዚያ ማስታወቂያ። የሳሙና እንዳይመስላችሁ። «ግንባሩ ቦቃ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ ከትናንት ወዲያ ከግጦሽ ጠፍቷል፤ ያያችሁ ለቀበሌው ንገሩ።» ለቅሶ፣ የእድር ስብሰባ፣ የክትባት ቀን ሁሉ በዚሁ ይነገራል። (ጠፋ ብሎ ሊያስነግር የሚመጣ አይጠፋም፤ ተገኘ ሊል የሚመለስ ግን ብርቅ ነው።)

ቀትር ላይ ብዙ ጣቢያዎች ዝም ይላሉ። አዘጋጆቹ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መምህሩ ክፍል ይገባል፣ ነርሷ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ገንዘቡም ከመዋጮ፣ ከስፖንሰርና ከለጋሽ የሚለቃቀም ነው። ትራንስሚተር የተቃጠለ ቀን ዝምታው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ ተራራ ዞሮ አይሄድም። አንቴናው ከፍታ ላይ የሚተከለው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ከጋራው ጀርባ ያለው መንደር ሹክሹክታ ብቻ ሊደርሰው ይችላል። በስልክ የሚያዳምጥ ሰው ኢርፎን የሚሰካውም ለጆሮው ብቻ አይደለም። ሽቦው አንቴና ይሆነዋል።

ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ከብቱ ገብቷል፣ እጅ ሥራ ፈቷል። ረጅሙ ውይይት የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው፤ የሚካሄደውም በአካባቢው ቋንቋ ነው፦ በኽምጣና፣ በከምባትኛ። ጎረቤታሞች አንድ ሬዲዮ ከበው የሚሰሙበት የአድማጮች ቡድንም አለ።

የሚያናድደኝ ነገር አለ። አንዳንዱ ጣቢያ ይህን ሰዓት ለእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ይሰጠዋል። ኳሱን አልጠላም፤ ግን እሱን የሚያወራ ሞልቷል። የዚያ የአድማጮች ቡድን ጸሐፊ «የቦኖው ውኃ ለምን ተቋረጠ?» ብሎ በደብተር ቅዳጅ የላከውን ጥያቄ ግን ሌላ ማንም ጣቢያ አያነብለትም።