ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅና ግርሻ

ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ልብስ አጥቦ ማድረቅ ፈተና ነው። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ቶሎ አይገፈፍም። ሰው ደራርቦ ይለብሳል፣ ተጠጋግቶም ይተኛል። ለልብስ ቅማል ይኼ ምቹ ጊዜ ነው። ግርሻ የሚባለው የሚያገረሽ ትኩሳትም አብሮ ይመጣል፤ የተሳሳተ ወሬውም እንደዚያው።

«ቅማሉ ሲነክስ ነው የሚያስይዘው» ይባላል። አይደለም። ቦሬሊያ የሚባለው የግርሻ ባክቴሪያ የሚኖረው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚወጣው በዋናነት ቅማሉ ሲፈነዳ ነው። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ የሸሚዝ ስፌት እየገለጡ፣ በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሐል ቋ ማድረግ ብዙዎቻችን ያየነው ነገር ነው። ያቺ ጠብታ በታከከ ቆዳ ትገባለች። በዚያው ጣት ዓይን ከታሸ ደግሞ በዓይን። እባካችሁ ጥፍራችሁን ተዉት፤ ልብሱን አውልቃችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

የራስ ቅማል ያለበት ልጅ ግርሻ ይይዘዋል ብላችሁ አትደንግጡ። አስተላላፊው ስፌት ውስጥ ቅጫሙን የሚጥለው የልብስ ቅማል ነው። የዶሮ ቅማልም ሰው ላይ ኑሮ አይመሠርትም።

«ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ድኛለሁ» ማለትም ያታልላል። ስሙ ራሱ ይናገራል። ለቀናት ያነድዳል፣ ይተዋል፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። ባክቴሪያው የላይ ሽፋኑን ስለሚቀያይር ሰውነታችን እንደ አዲስ ጠላት ነው የሚያየው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «መርፌው ነው የገደለው» የሚለው ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታማሚው በኃይል ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ሊብስ፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ባክቴሪያው በአንዴ በብዛት ሲሞት የሚመጣ ነው። አደገኛ ስለሆነም ታማሚው እዚያው ሐኪም ፊት መቆየት አለበት። ይህን ፈርቶ ሕክምናውን መተው ግን ይብሳል። ግርሻ ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 40 ሊገድል ይችላል፤ ሲታከም ቁጥሩ ወደ 5 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

«ቅማል ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። ደም ብቻውን ቅማሉን በቫይታሚን አያጠግበውም። የጎደለውን ቫይታሚን ቢ የሚሠሩለት ሆዱ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። እኛን አያሳምሙም፤ ያለ እነሱ ግን ቅማሉ ይሞታል።

ሰልባጅ ለሚፈሩም አንድ ነገር ልበል። የልብስ ቅማል ከሰው ገላ ከራቀ በሳምንት ገደማ ይሞታል። ቅማል ያለበት ሰው ለብሶት ያደረ ልብስ ግን ሌላ ነው። ተቀቅሎም ቢሆን፣ ካውያ ያለው ስፌቱን ደጋግሞ ይተኩሰው።