የወደብ ግድግዳን ማጠናከር ምንድን ነው?

መርከብ የምትጠጋበትና ክሬን ቆሞ ጭነት የሚያራግፍበት የወደብ ጠርዝ፣ ከላይ ሲያዩት የኮንክሪት ሜዳ ይመስላል። ሸክሙን የተሸከመው ግን ከሥሩ ነው፤ ከኋላው አፈር፣ ከፊቱ ባሕር ይዞ የቆመ ግድግዳ። ይህን ነባር ግድግዳ ሳያፈርሱ ለትልልቅ መርከቦች እንዲበቃ ማድረግ የወደብ ግድግዳ ማጠናከር ይባላል።

በ2021 እ.ኤ.አ. የስዊዝን ቦይ የዘጋችው ኤቨር ጊቨን 400 ሜትር ርዝመት አላት። የእሷን ያህል መርከብ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ከ14 ሜትር በላይ ትጠልቃለች። ድሮ የተሠሩ ብዙ ወደቦች ደግሞ ይህን ያህል ጥልቀት የላቸውም።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይቆፈርም? ከኋላ ያለው አፈር ግድግዳውን ሌት ተቀን ወደ ባሕሩ ይገፋዋል። እግሩ እንዳይንሸራተት ደግፎ የያዘው ከፊቱ ያለው የባሕር ወለል አፈር ነው። ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የታች ጎረቤት መሠረት ሲያወጣ የድጋፍ ግንቡን ሥር ከነካ፣ ክረምት ሲገባ ግንቡ ይናዳል። ወደቡን በጥቂት ሜትር ማጥለቅም ያንኑ ደጋፊ አፈር መውሰድ ነው። ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት ምትክ ድጋፍ መገኘት አለበት።

አንዱ መንገድ ከአሮጌው ግድግዳ ፊት የብረት ፓይሎችን (ወደ መሬት የሚተከሉ ረጃጅም ምሰሶዎችን) አዲስ ከሚቆፈረው ወለል በታች ዘልቀው እንዲገቡ መትከል፣ መሐሉን በኮንክሪት መሙላት፣ ከዚያም በብረት ዘንግ ወደ ኋላ መሬቱ ውስጥ ማሰር ነው። ሌላው ደግሞ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በቀጭኑ በስቶ፣ የሲሚንቶ ውህድ በከፍተኛ ግፊት ከሥሩ መርጨት ነው፤ አፈሩ ከሲሚንቶው ጋር ተደባልቆ እንደ ምሰሶ ይጠነክራል። ቁፋሮው ሲጀመር አፈሩ በስሱ፣ በየደረጃው ይነሳል፤ መሣሪያዎች ግድግዳው በሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ እንኳ ይመዘግባሉ።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ዘመናዊ የኮንቴይነር ክሬን የሚሄድባቸው ሁለት ሐዲዶች ብዙ ጊዜ 30 ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ የኋለኛው ሐዲድ የራሱ መሠረት ይፈልጋል። የመርከብ ማሰሪያ ምሰሶዎቹም ይቀየራሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ከመርከቧ ሥር እየተሽከረከረ የሚገፋትን ፕሮፔለር ነው፤ እሱ የሚገፋው ውሃ የባሕሩን ወለል እየቦረቦረ፣ በብዙ ገንዘብ የተጠበቀውን የግድግዳ እግር ያጋልጠዋል። ስለዚህ ወለሉ ከባድ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ይነጠፍበታል።

በአካባቢያችን ጥሩ ምሳሌ የታንዛኒያው ዳሬሰላም ነው። የዓለም ባንክ በ2017 እ.ኤ.አ. 345 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጽድቆለት፣ ከ1 እስከ 7 ያሉት የመርከብ መቆሚያዎች ተጠናክረው ወደ 14.5 ሜትር ጥልቀት እንዲወርዱ ተደርጓል። የእኛ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፍባት ጅቡቲ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው፤ የኮንቴይነሩን ሥራ ከአሮጌው ወደብ አውጥታ በ2009 እ.ኤ.አ. ዶራሌ ላይ 18 ሜትር ጥልቀት ያለው አዲስ ተርሚናል ከፈተች። ለዚያ ግን ባዶ የባሕር ዳርቻ ያስፈልጋል፤ ከተማ፣ መጋዘንና ባቡር ከኋላው የከበቡት ወደብ ያለው አማራጭ አሮጌውን ግድግዳ ማጠናከር ነው።