የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል፦ ጥር 23 በእንጅባራ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ከተማ በፈረስ ትሞላለች። ከአዊ ወረዳዎች የተነሱ ፈረሰኞች በቡድን በቡድን እየሆኑ ይገባሉ። ሽማግሌው፣ ጎልማሳው፣ ጎረምሳው አብሮ ይጋልባል። ሴት ፈረሰኞችም አሉ። ቀኑ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱን አክብሯል። አባላቱ ከ50 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። በአገራችን ይህን ያህል ፈረሰኛ በአንድ ስም ያሰባሰበ ሌላ ማኅበር ማግኘት ይከብዳል።

እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። የዱሮ ሰው ኮሶበር ይላታል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ከባሕር ዳር የምትርቀው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዷ አይጣል ነው። ዙሪያዋ ገብስና ድንች በደንብ ይሰጣል፣ ቀርከሃውም የታወቀ ነው። ሕዝቡ የአገው ቋንቋ የሆነውን አውኚንም አማርኛንም ይናገራል።

«ሰባት ቤት» የሚለው ስያሜ ከትውልድ ታሪክ የመጣ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ሰባት ወንድማማቾች ከላስታና ከዋግ አካባቢ ተነስተው ወደዚህ ምድር መጡ። እያንዳንዳቸው በሰፈሩበት ቦታ አንድ ቤት ቆመ። ቤቶቹም አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ቻራና መተከል ናቸው። አንዳንዶቹ ስሞች ዛሬም የወረዳ ስም ሆነው ይጠራሉ። መተከል አሁን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ያለ ዞን ነው። የአስተዳደር ወሰን ሲቀያየር የቤቶቹ ቁጥር ግን ሰባት እንደሆነ ቀጥሏል።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ። ብዙ ሰው ይህን በዓል በቴሌቪዥን አይቶ የሚያስታውሰው ጌጡንና ግልቢያውን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የፈረሱ የዘወትር ሥራ ነው ባይ ነኝ። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የሚያርሰው በሬ ነው። በአዊ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ፈረስ ተጠምዶ ሲያርስ ማየት የተለመደ ነው። ይህ ለሌላው አካባቢ ገበሬ ወሬው ራሱ ይደንቃል። ያው ፈረስ በገበያ ቀን ድንች ይጭናል። ከተማ ከገባ ደግሞ ጋሪ ይጎትታል። ሙሽራ የሚያመጣው እሱ ነው። ለቅሶ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ለአዊ ገበሬ ፈረስ የጉልበትም የክብርም ነገር ነው። ልጁ በፈረስ ጀርባ ላይ ያድጋል፤ ግልቢያን ለመማር የተለየ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም። በዓሉ ይህን ያህል ዓመት የዘለቀው ፈረሱ ዓመቱን ሙሉ በሰው እጅ ስላለ ነው። ለበዓል ብቻ የሚቀለብ ፈረስ ቢሆን ኖሮ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በላይ የሚገፋ አይመስለኝም።

ማኅበሩ ሲቋቋም ዓላማው በዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ማሰብ ነበር። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከጎጃም የሄደውን ጦር የመሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በዚያ ዘመን ፈረስ የመሪ ስም ጭምር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ቃኘው የሚለው ስም ኋላ ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ጦር ተሰጥቷል። እንዲህ የመሪዎቹ ፈረሶች ስም ተጽፎ ቀረ። ስንቅና ቁስለኛ ያመላለሱት፣ ወጥተው ያልተመለሱት የተራው ሰው ፈረሶች ግን ስማቸውን የሚያነሳ የለም። የአገው ፈረሰኞች የሚያስቧቸው እነዚህንም ጭምር ነው። ለዚህ ነው በዓሉን የምወደው።

የምሥረታው ዓመትም ልብ ሊባል ይገባል። በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም። የወጣው በ1933 ነው። የዓድዋን ድል የሚያስብ ማኅበር የቆመው ጠላት አገር ውስጥ እያለ ነበር ማለት ነው።

ቀኑ 23 መሆኑም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተያያዘ ነው። በየወሩ 23 የጊዮርጊስ ዕለት ነው፣ የዓድዋ ድልም የዋለው በዚሁ ዕለት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ የሚሳል ሰማዕት ነው። በምእመኑ ዘንድ በዓድዋ ከሠራዊቱ ጎን ቆሟል ተብሎ ይታመናል። ለፈረሰኛ ከዚህ የቀረበ ቅዱስ ከየት ይመጣል? ጥር ደግሞ ምርት የሚገባበት፣ ሠርግ የሚበዛበት ወር ነው። የእርሻው ሥራ ቀለል ስለሚል ፈረሱ ትንሽ ያርፋል፣ ገብስም ይጠግባል።

በበዓሉ ቀን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በፈረሱ ልብስ ላይ ነው። ኮርቻው ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ ይለበጣል። ከሥሩ የፈረሱን ጀርባ ከመላጥ የሚያድን ምንጣፍ ይገባል። ከላዩ ግላስ ይለብሳል፤ ግላስ ማለት በቀለም ያጌጠው የኮርቻ ልብስ ነው። ከግንባሩና ከደረቱ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ዘርፍ ይንጠለጠላል። ልጓሙ አፉ ውስጥ ይገባል፣ ዛቡ በጋላቢው እጅ ይያዛል። ኮርቻው እንዳይዞር ሆዱ ሥር በሚያልፍ ጠፍር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ዱሮ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ እርካቡ ጠባብ ነበር፣ የሚገባው አውራ ጣት ብቻ ነው። ጫማ ሲለመድ እርካቡም ሰፋ። ጌጡ ያማረ ሆኖ ምንጣፉ የሳሳ ከሆነ ፈረሱ ገጣባ ይሆናል። ስለዚህ በዓሉን የምታዩ ሰዎች ጌጡን ካደነቃችሁ በኋላ የፈረሱንም ጀርባ እዩ። ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እዚያ ይታወቃል።

ጋላቢዎቹም ይለብሳሉ። ነጭ በነጭ የሚለብስ አለ። በቁምጣና በጋቢ የሚመጣ አለ። የአባቶቹን የአርበኝነት ልብስ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻና ጦር ይዞ የሚመጣም አለ። ሽለላው፣ ፉከራው፣ ቀረርቶው እስከ ማታ አይቋረጥም።

ትርዒቱ ራሱ የተለያየ መልክ አለው። ስግሪያ ላይ ፈረሱ ሳይዘል እግሩን በፍጥነት እየቀያየረ ይሄዳል። ጥሩ ሰጋር ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው እምብዛም አይነቃነቅም፣ ለዚህም ሰጋር ፈረስ ዋጋው ውድ ነው። ሽምጥ ግልቢያው ግን የፍጥነት ነገር ነው፤ አቧራው ይነሳል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ፈረሱ መሬት የረገጠ አይመስልም። ከሁሉ የሚጠበቀው ጉግስ ነው። ሁለት ወገን ሆነው ይገጥማሉ። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ያሳድደዋል፣ ከጀርባው ሆኖም ዘንግ ይወረውርበታል። የሚሸሸው ሰው ፈረሱን ሳያቆም ዘወር ብሎ በጋሻው መመከት አለበት። ከዚያ ተራው ይቀየራል፣ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ጨዋታው የጦር ሜዳ ልምምድ እንደነበር ለማወቅ አንድ ዙር ማየት ይበቃል። በሌላው የአገራችን ክፍልም ጉግስ በገና፣ በጥምቀትና በመስቀል ይጫወቱታል። በእንጅባራ ግን የተጫዋቹ ብዛት ሌላ ነው።

ዕለቱ ካለፈ በኋላ ማኅበሩ አይበተንም። አባላቱ በየአካባቢያቸው ተደራጅተው ዓመቱን ሙሉ እንደ እድር ይረዳዳሉ። አባል ሲሞት ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ጭነው ለቀብሩ ይወጣሉ። ሠርግ ሲኖር ያጅባሉ። ሰው ከሰው ሲጣላ ሽማግሌዎቹ ገብተው ያስታርቃሉ። ደም የፈሰሰበት ጠብ እንኳ ሲሆን ቂም እንዳይሻገር ይደክማሉ። ስለ በዓሉ የሚሠሩ ዘገባዎች ይህን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። አንድ ገበሬ ፈረሱን ጭኖ ረጅም መንገድ የሚመጣው የሚያውቃቸውና የሚያውቁት ሰዎች ስለሚጠብቁት ነው። ትርዒቱን ደግፎ የያዘው ይህ ትስስር ነው።

የሚያሳስብ ነገርም አለ። በከተሞች ባጃጅ የጋሪን ሥራ እየወሰደ ነው። በገጠሩ የግጦሽ መሬት እየጠበበ ነው። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ገበሬው ለከሰል ሲል ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳው ላይ በሰፊው ተክሏል። ገቢው ጥሩ ነው፣ ገበሬውን መውቀስም አይቻልም። ግን ዛፍ ያለበት መሬት አይታረስም፣ እንደ ልብ አይጋጥበትም። ፈረስ ሥራና ሣር ካጣ ባለቤቱ ለምን ይቀልበዋል? በዓሉ በዩኔስኮ እንዲመዘገብ የሚደረገውን ጥረት እደግፋለሁ። ከምዝገባው እኩል ግን ስለ ግጦሽ፣ ስለ ፈረስ ሕክምናና ስለ ኮርቻ ሠሪዎች መነጋገር አለብን። ኮርቻ የሚሠራ፣ ግላስ የሚጠልፍ ባለሙያ ከሌለ ወጣቱ ፈረሱን በምን ያስጌጠዋል?

ለማየት የሚሄድ ሰው በዋዜማው ጥር 22 እንጅባራ ቢገባ ይሻለዋል። በበዓሉ ጠዋት መንገዱ በፈረስና በሰው ስለሚጨናነቅ መኪና እንደ ልብ አያልፍም። ማደሪያም ቀደም ብሎ መያዝ ነው። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ይያዝ፣ የጥር ሌሊት እዚያ ከባድ ነው። ሜዳው ላይ ከፈረሶቹ መሮጫ ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል፣ በተለይ ሕፃን ይዞ ለሚሄድ። በማግሥቱ ጊዜ ካለ ዘንገና ሐይቅ ቅርብ ነው። በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠረ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ጥልቅ ሐይቅ ነው። ከከተማው በባጃጅም በጋሪም ይደረሳል። እኔ በጋሪው ሂዱ እላለሁ፤ ገንዘባችሁ በቀጥታ ለፈረሱ ገብስ ይሆናል።