«መጽሐፉን ገደሉት» ለምትሉ

ሥራዬ ልብ ወለድን ወደ ፊልም ስክሪፕት መቀየር ነው። በዚህ ምክንያት ከሰው ጋር ፊልም ማየት ትቻለሁ ማለት ይቻላል። መብራቱ ገና ሳይበራ አጠገቤ ያለው ሰው ዞር ብሎ «መጽሐፉ ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም» ይለኛል። አዎ፣ አልነበረም። እኔም አንብቤዋለሁ። ከዚያ እስክንለያይ ድረስ የጎደለውን ይቆጥርልኛል፤ እህቱ የት ሄደች፣ ያ ደብዳቤ ለምን ቀረ፣ ሰውየው ጺም ነበረው እኮ፣ እያለ። ዛሬ የተጠራቀመብኝን ላውጣው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«መጽሐፉ ሁልጊዜ ይበልጣል።» ይህን የሚለኝ ሰው የ«ጆውስ»ን መጽሐፍ አንብቦት አያውቅም። ስለ ሻርኩ ያለውን ታስታውሳላችሁ አይደል? መጽሐፉ ውስጥ የፖሊስ አዛዡ ሚስት ከሻርክ ተመራማሪው ጋር ትማግጣለች። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ በ1975 ፊልሙን ሲሠራ ይህን አውጥቶ ጣለው። ማንም አልናፈቀውም። ቀጥሎ።

«ተዋናዩ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሰው አይመስልም።» አይምሰላ! በሮበርት ብሎክ «ሳይኮ» ውስጥ ነፍሰ ገዳዩ ባለሞቴል ኖርማን ቤትስ ወፍራም፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ያንኑ ሰው ቢያመጣው ገና ከሞቴሉ በር ላይ እንጠረጥረው ነበር። እሱ ግን ቀጭን፣ ዓይን አፋር ወጣት አቆመልን፤ እኛም አዘንንለት። በ«ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽን» ደግሞ ሬድ («ቀዩ» ማለት ነው) መጽሐፉ ላይ ቀይ ጸጉር ያለው፣ ዘሩ ከአየርላንድ የሆነ እስረኛ ነው። ፊልሙ ላይ ጥቁሩ ተዋናይ ሞርጋን ፍሪማን ነው። ለምን ሬድ እንደሚባል ሲጠየቅ ምናልባት አየርላንዳዊ ስለሆነ ይሆናል ብሎ ይመልሳል። ቀልዱ የገባው ይስቃል፣ ያልገባው ምንም አልጎደለበትም።

«ደራሲው ካልወደደው ፊልሙ ከሽፏል ማለት ነው።» እዚህ ላይ ሁልጊዜ ደራሲው ስቲቨን ኪንግ ይጠቀሳል። እውነት ነው፣ ዳይሬክተሩ ኩብሪክ በ1980 ከመጽሐፉ የሠራውን «ዘ ሻይኒንግ» አልወደደውም፤ በ1997 ራሱ ስክሪፕቱን ጽፎ በቴሌቪዥን በ3 ክፍል አሠራው። እስቲ ከመካከላችሁ የቴሌቪዥኑን ያየ እጁን ያውጣ። ይኸው ኪንግ ግን «ዘ ሚስት» በ2007 ሲሠራ ዳይሬክተሩ መጨረሻውን ከመጽሐፉ በጣም የከፋና የጨለመ አድርጎ ቢለውጠውም ወዶታል። ስለዚህ ሰውየውን ያበሳጨው ለውጥ በመሆኑ ብቻ አይደለም። «ዘ ሻይኒንግ» ላይ ቅሬታው ሌላ ነበር፤ የእሱ ዋና ገጸ ባሕርይ ጃክ ቀስ በቀስ የሚሰበር ደህና ሰው ነው፣ የኩብሪኩ ግን ገና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀመጥ ያበደ ይመስላል። ይህ ቅሬታ ያስኬዳል። «መጽሐፉ ላይ የተቃጠለው ሆቴል ፊልሙ ላይ ለምን አልተቃጠለም» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼኛው ነው። «ታማኝ ፊልም ማለት ምንም ያልቀነሰ ማለት ነው።»

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በሙያችን አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። የ2 ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ይሆናል ማለት ነው፤ ያውም ግማሹ ባዶ ወረቀት ነው፣ 20 ሺህ ቃል ግድም ቢይዝ ነው። የ400 ገጽ ልብ ወለድ ከ100 ሺህ ቃል በላይ ይይዛል። የቀረው የት ይግባላችሁ? ኤሪክ ፎን ስትሮሃይም የሚባል ዳይሬክተር ሞክሮታል። የፍራንክ ኖሪስን «ማክቲግ» ምንም ሳይተው ሊያሳይ ተነሣ፣ ተዋናዮቹን ዴዝ ቫሊ በረሃ ድረስ ወስዶ በዚያ ሙቀት ቀረጸ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ከ8 ሰዓት በላይ ሆነ። ስቱዲዮው ቆራርጦ ቆራርጦ በ1924 «ግሪድ» ብሎ ያወጣው 2 ሰዓት ከምናምን ነው። የተቆረጠው ጠፍቶ ቀረ።

እኔም የራሴ አለኝ። አንድ ፕሮዲውሰር አንድ ልብ ወለድ ሰጠኝ። መጽሐፉን ከልቡ ይወደው ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው የምፈራው። 31 ገጸ ባሕርያት አሉት፣ አንድም እንዳይቀር አለ። እሺ ብዬ ጻፍኩ፣ 214 ገጽ ወጣ። ተዋናዮቹ ጠረጴዛ ከበው ጮክ ብለው ሲያነቡት ገጽ 90 ላይ ዋናው ተዋናይ ስልኩን ሲነካካ አየሁት። አልፈረድኩበትም።

መጽሐፉ ውስጥ እናትየው ጥሏት የሄደውን ልጇን ይቅር የምትልበት ቦታ አለ። 4 ገጽ ነው፣ ሁሉም በሐሳቧ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሐሳቧን በድምፅ አስነበብኩት። ሞተ። (በነገራችን ላይ ድምፅ ማስገባት ሁልጊዜ ያድናል የሚለውም ተረት ነው። የ2013ቱ «ዘ ግሬት ጋትስቢ» የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገሮች ከነፊደላቸው ስክሪኑ ላይ እስከማንሳፈፍ ደርሷል።) በመጨረሻ እንዲህ አደረግኩት። ልጁ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ወንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ልጁ ሲገባ እናትየው አታየውም፣ አትናገረውም። ተነሥታ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ታዞረዋለች። 11 ሰከንድ። ፊልሙ ሲታይ አንዲት ሴትዮ መጥታ «ያቺ የወንበሯ ቦታ ቃል በቃል ከመጽሐፉ ናት፣ ሌላውን ግን አበላሻችሁት» አለችኝ። ምን ልበላት?

አጎትየውንም አውጥቼዋለሁ። 6 ምዕራፍ ነበረው። የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ።

ትልቁን ምሳሌ ካላችሁ «ዘ ጎድፋዘር» አለላችሁ። የማሪዮ ፑዞ መጽሐፍ በ1969 ወጣ፣ የኮፖላ ፊልም በ1972። የማፊያው አለቃ የቪቶ ወጣትነት ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ለ1974ቱ ሁለተኛ ፊልም ተላለፈ። መጽሐፉ ላይ ገጽ በገጽ የሚዘረዘረው የዘፋኙ የጆኒ ፎንቴን ሕይወት ጥቂት ትዕይንት ብቻ ቀረው። መጨረሻው ሳይቀር ተለውጧል፤ መጽሐፉ ኬይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለባሏ፣ ለቪቶ ልጅ ለማይክል ነፍስ ስትጸልይ ነው የሚያበቃው፣ ፊልሙ ግን በሩ ፊቷ ላይ ሲዘጋ። «እኔ እንደ ቤተሰቤ አይደለሁም» ሲል የነበረው ልጅ የት እንደደረሰ ግን ከዚያች በር በላይ የሚናገር የለም። ይህን ክህደት የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስክሪፕቱንም ፑዞ ራሱ ከኮፖላ ጋር ነው የጻፈው።

ክህደት ማየት ከፈለጋችሁ ወደ አንዲት ድመት ልውሰዳችሁ። የትሩማን ካፖቴ «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» (1958) ውስጥ ዋናዋ ሴት ሆሊ ስም የለሽ ድመቷን ከመኪና አውርዳ ትለቃታለች። ወዲያው ይጸጽታትና ተመልሳ ትፈልጋታለች። የለችም። ሆሊ አገር ጥላ ትሄዳለች። ተራኪው ድመቷን ለሳምንታት ሲፈልግ ከርሞ አንድ ቀን የሚሞቅ የሚመስል ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ያያታል፤ ሆሊም እንዲህ ቦታዋን አግኝታ እንደሆነ ይመኛል። በ1961ዱ ፊልም ድመቷ እዚያው ዝናብ ውስጥ ትገኛለች፣ ሆሊና ሰውየው ይሳሳማሉ፣ አለቀ። ግብዣው አለ፣ የእስር ቤት ጉብኝቱ አለ፣ ከገጠር የመጣው ባሏ አለ፤ ማለት ከብዙ ፊልም ይልቅ መጽሐፉን ይዟል። ግን መጽሐፉ የትም መርጋት ስለማትችል ሴት ነበር፣ ፊልሙ አረጋት። እወደዋለሁ ፊልሙን፣ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ክህደት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ገደሉት» ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ ዝርዝሩን ተዉትና ይህን አድርጉ። መጽሐፉን ስትጨርሱ ሆዳችሁ ውስጥ የቀረውን ነገር በአንድ መስመር ጻፉት። ፊልሙ ውስጥ እሱን ፈልጉ። ቀጥሎ ታሪኩን ማን ነው የሚያየው ብላችሁ ጠይቁ። «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» በመጽሐፍ የሚተረከው ዲዳ በመሰለው የአእምሮ ሆስፒታል ታካሚ በቺፍ ብሮምደን ነው፤ የ1975ቱ ፊልም ይህን ዓይን ጣለው። 5ቱን ዋና ዋና ኦስካሮች ቢጠራርግም ደራሲው ኬን ኪሲ ተቀይሟል፣ እኔም እረዳዋለሁ። ከተቻላችሁ ደግሞ ፊልሙን ቀድማችሁ እዩ፣ መጽሐፉን ኋላ አንብቡ። እንዲህ ሲሆን የሚጨመርላችሁ እንጂ የሚቀነስባችሁ የለም።

«ተከታታይ ቢሆን ሁሉም ይገባ ነበር።» «ዘ ሆቢት» 300 ገጽ ግድም ነው። 3 ፊልም፣ 8 ሰዓት የሚጠጋ ሆነ። ጨርሳችሁት ታውቃላችሁ?

«ፊልሙ መጽሐፉን አበላሸብኝ።» መጽሐፉ መደርደሪያችሁ ላይ አለ፣ አንድ ቃል አልተነካም። ይህን ብዬ ግን እኔም ተይዣለሁ። በቀደም ያንን ልብ ወለድ አንሥቼ የወንበሩን ቦታ ስፈልግ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ፤ ከዚያ እንዳመጣሁት እምል ነበር። 4ቱ ገጾች እንዳሉ አሉ። ወንበር የለም።