ሳማና የሽንት ችግር፦ ቅጠሉ ሌላ፣ ሥሩ ሌላ

ሳማን ሁሉም ሰው የሚያውቀው በመለብለቡ ነው። ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ጫፋቸው እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው። ሲነኩ ይሰበሩና ሂስታሚን፣ አሴቲልኮሊን፣ ሴሮቶኒን ቆዳ ውስጥ ይረጫሉ። የላቲን ስሙ ኡርቲካ የመጣውም «ማቃጠል» ከሚል ቃል ነው። ተክሉ ሲደርቅ ወይም የፈላ ውኃ ሲገባበት ግን ይህ ኃይሉ ይጠፋል።

ብዙ ዓይነት ሳማ አለ። ለሽንት ችግር በብዛት የተጠናው ኡርቲካ ዲዮይካ የሚባለው ነው። ስለ እሱ ሲወራ ግን አንድ ነገር ቶሎ ይምታታል። «ሳማ ለሽንት ጥሩ ነው» ይባላል፤ የትኛው ክፍሉ፣ ለየትኛው ችግር የሚለው ይረሳል። ቅጠሉና ሥሩ በአንድ ተክል ላይ ይብቀሉ እንጂ ሥራቸው አይገናኝም። ቅጠሉ ሽንት ያበዛል። ሥሩ ደግሞ ፕሮስቴቱ አብጦበት ሽንት ለሚያስቸግረው ወንድ ነው። ሌሊት አራት ጊዜ የሚነሳ ሰው ሥሩን ፈልጎ ቅጠሉን ቢጠጣ አምስተኛ ጊዜ መነሳቱ አይቀርም።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ እጢ ነው። የሽንት ቧንቧ መሃሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ዕድሜ ሲገፋ እጢው ይተልቃል፤ ካንሰር ሳይሆን እንዲሁ ማደግ ነው። 60 ዓመት ገደማ ላይ ከወንዶች ግማሽ ያህሉ ይህ ለውጥ ይታይባቸዋል፤ ከ80 በላይ ደግሞ አብዛኞቹ። እጢው ሲያድግ ቧንቧውን ይጫነዋል። ሽንቱ ለመጀመር ይዘገያል፣ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ከተሸና በኋላም የቀረ ነገር ያለ ይመስላል። ቀን ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ብዙ ወንዶች ይህን ለማውራት ያፍራሉ፤ ለዓመታት ዝም ብለው ይኖሩበታል። በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የሚረዳ ነገር አለ።

የሳማ ሥር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሥሩ ውስጥ ቤታ ሲቶስቴሮል፣ ሊግናን፣ ፖሊሳካራይድና ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን ይገኛሉ። በላቦራቶሪ ሲታዩ የወንድ ሆርሞን ከሚሸከመው ፕሮቲን ጋር የመጣበቅ፣ የፕሮስቴት ሴሎችን እድገት የመግታትና ብግነት የማብረድ ጠባይ አሳይተዋል። ሰው አካል ውስጥ ሥራውን የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ግን አልተለየም።

በሰው ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ትልቁ የሚባለው በ2005 የታተመው የኢራን ጥናት ነው። 620 ወንዶች ለ6 ወር ተከታትለዋል። ገሚሶቹ የሳማ ሥር ኤክስትራክት (ከሥሩ ተነጥሮ የወጣ ፈሳሽ ወይም ዱቄት)፣ ገሚሶቹ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ወሰዱ። ከ0 እስከ 35 በሚለካው የሽንት ምልክቶች መጠይቅ፣ ሥሩን የወሰዱት ከ19.8 ወደ 11.8 ወረዱ። ማስመሰያውን የወሰዱት ከ19.2 ወደ 17.7 ብቻ። «ተሻለኝ» ያሉት ከሥሩ ወገን 81 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 16 በመቶ ነበሩ። የእጢው መጠን ግን የቀነሰው በትንሹ ነው። እንዲህ ጎልቶ የወጣ ውጤት በሌላ ትልቅ ሙከራ ቢደገም ልቤ ይበልጥ ያርፍ ነበር። ሌሎቹ ጥናቶች አነስተኞች ናቸው፤ ወደ ጥሩው ያዘነብላሉ፣ ግን ይህን ያህል አይደፍሩም።

የጀርመኑ ኮሚሽን ኢ፣ ማለትም የዕፅዋት መድኃኒቶችን እንዲመረምር በ1978 የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን፣ ሥሩን ለመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ የፕሮስቴት እብጠት ፈቅዶታል። በዚያው አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል፦ ሥሩ ምልክቱን ያቀላል እንጂ እጢውን አያሳንስም፤ ስለዚህ ሐኪም በየጊዜው መታየት ግድ ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲም ሥሩን የተቀበለው በ«ባህላዊ አጠቃቀም» መደብ ነው። ይህ ማለት ለረጅም ዘመን ያለ ጉልህ ጉዳት ስለተወሰደና ሊሠራ ይችላል ተብሎ ስለታመነ እንጂ፣ በሙከራ ስለተረጋገጠ አይደለም። በዚያም ላይ አስቀድሞ ሐኪም ከባድ በሽታ አለመኖሩን ማየት አለበት ይላል። ትክክል ነው። የፕሮስቴት ካንሰርና ተራው እብጠት ሲጀምሩ በምልክት ላይለዩ ይችላሉ።

መጠኑ በኮሚሽን ኢ መሠረት በቀን ከ4 እስከ 6 ግራም የደረቀ ሥር ወይም ተመጣጣኝ ኤክስትራክት ነው። ቶሎ አይሠራም፤ ሙከራዎቹ በሳምንታትና በወራት ነው የሚቆጠሩት። በሦስት ቀን ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ብዙ ጊዜ ሥሩ ሶ ፓልሜቶ ከሚባል የዘንባባ ዓይነት ተክል ፍሬ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ሶ ፓልሜቶ ለብቻው በ2011 በታተመ ሙከራ በ369 ወንዶች ላይ ተፈትኖ፣ መጠኑ እስከ ሦስት እጥፍ ቢጨመርም ከማስመሰያው አልተሻለም።

ወደ ቅጠሉ እንምጣ። ታሪኩ አጭር ነው። ቅጠሉ ፖታሲየም በብዛት አለው፣ ሽንትም ያበዛል ተብሎ ይወሰዳል። ዓላማው የሽንት መስመሩን ማጠብ ነው፦ ብዙ ውኃ ገብቶ ብዙ ሽንት ሲወጣ ቧንቧው ይታጠባል፣ ጠጠር የሚሆነው ደቃቅ ነገርም አብሮ ይወጣል። ኮሚሽን ኢ በቀን ከ8 እስከ 12 ግራም ቅጠል ያዛል፤ በቂ ውኃ አብሮ ካልተጠጣ ግን ትርጉም የለውም። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ውኃው ይመስለኛል። ለቅሞ ለሚያደርቅ ሰው ተክሉ ሳያብብ የተቀነጠበ ለጋ ቅጠል ይመረጣል።

ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፤ አምጪውም በብዛት ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሴቶችን ይበልጥ የሚያጠቃው ቧንቧቸው አጭር፣ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ነው። የሳማ ሥርም ሆነ ቅጠል ይህን ባክቴሪያ አይገድልም። እንዳይመላለስ በመከላከል በኩል የተሻለ ማስረጃ ያለው ክራንቤሪ የሚባለው ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2023 ያወጣው ግምገማ 50 ጥናቶችን አይቶ፣ ኢንፌክሽኑ በሚደጋገምባቸው ሴቶች ላይ አደጋውን በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ ደምድሟል። የያዘ ኢንፌክሽን ማከም ግን የክራንቤሪም ሥራ አይደለም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ሽንት ውስጥ ደም ካለ ሻይ እያፈሉ መቆየት ኩላሊትን ያስጎዳል። ሽንት ጭራሹን እምቢ ካለ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው፤ ለነገ አይባልም።

ቅጠሉ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። በልብ ወይም በኩላሊት ድካም ሰውነቱ ያበጠ ሰው ለማጠብ ብሎ ብዙ ውኃ መጠጣት የለበትም። ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ ስላለው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የሚወስድ ሰው የደሙ ልኬት ሊዛባበት ይችላል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የሽንት ማብዣ መድኃኒት የሚወስዱም፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስዱም አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። እርጉዝ ሴት ባትወስደው ይሻላል። ሥሩ በአጠቃላይ ለአካል የዋህ ነው፤ አንዳንዱን ሆዱን ያውከዋል፣ አልፎ አልፎ ቆዳ ያሳክካል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው ማሸጊያው ላይ የላቲኑን ስም ይፈልግ። «ራዲክስ» ካለ ሥር ነው። «ፎሊየም» ካለ ቅጠል ነው። «ሄርባ» ካለ ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ሳማ ብቻ ብሎ የሚያልፍ ዕቃ ውስጡ የትኛው እንዳለ ስለማይታወቅ ባይገዛ ይመረጣል።