ናካጎ ምንድን ነው? የጃፓን ጎራዴ እጀታ ውስጥ ያለው ዝገት የማይጸዳበት ምክንያት

የጥንት የጃፓን ጎራዴ ገዝቶ ወይም ወርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ እጀታውን የፈታ ሰው ባየው ነገር ይደነግጣል። ከእጀታው በላይ ያለው ስለት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። እጀታው ውስጥ ተደብቆ የኖረው ብረት ግን ጠቁሯል፣ ሻክሯል፣ ዝጓል። ወዲያው የሚመጣለት ሐሳብም ይህን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማጽዳት ነው። በቅን ልቦና የተነሣ ይህ ሐሳብ የስንቱን ጎራዴ ታሪክ እንደ ደመሰሰ ጎራዴ ሰብሳቢዎች በምሬት ይናገራሉ። ያ የዛገ ብረት ናካጎ ይባላል። በጎራዴው ላይ ካለው ነገር ሁሉ በመጀመሪያ መታየት ያለበትም፣ ጨርሶ መጽዳት የሌለበትም እርሱ ነው።

ናካጎ ከስለቱ ጋር ከአንድ ብረት ወጥ ሆኖ የሚቀጠቀጥ፣ እጀታ ውስጥ የሚገባ የታችኛው ክፍል ነው። በረጅም ጎራዴ ላይ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። በላዩ ላይ ሽንቁር አለበት፤ በሽንቁሩ ውስጥ መኩጊ የምትባል ትንሽ የቀርከሃ ካስማ ታልፋለች። ስለቱን ከእጀታው ጋር አጣብቆ የሚይዘው የእንጨቱ ልክ መሆንና ይህች ካስማ ብቻ ናቸው። ሙጫ የለበትም፣ ብሎንም የለበትም። ስለዚህ ጎራዴው በማንኛውም ጊዜ ሊፈታ ይችላል፤ እንዲፈታም ታስቦ የተሠራ ነው።

አፈታቱን ማየት ደስ ይላል። ባለሙያው በአንዲት ትንሽ የነሐስ መዶሻ ካስማዋን ገፍቶ ያወጣል። ከዚያ እጀታውን ከታች በኩል በግራ እጁ ይይዝና ስለቱን ወደ ላይ አቁሞ፣ ቀኝ እጁን ጨብጦ የግራ እጁን አንጓ መታ መታ ያደርጋል። በየምቱ ስለቱ ከእጀታው ትንሽ በትንሽ እየላቀቀ ይወጣል። ጉልበት አይጠይቅም፤ ችኮላ ግን ጣት ያስቆርጣል። በመጨረሻ ስለቱ ከነናካጎው ራቁቱን ይወጣል፤ የጎራዴው ማንነት የሚጠየቀውም ከዚህ በኋላ ነው።

ዝገቱ ለምን ዋጋ ኖረው? አንጥረኛው ጎራዴውን ቀጥቅጦና በውሃ አጥፍቶ ሲጨርስ ስለቱን ለሌላ ባለሙያ፣ ለወልዋዩ ይሰጣል። ናካጎውን ግን ራሱ በሞረድ ይሞርደዋል፣ በመሮ ስሙን ይቀርጽበታል፣ ሳይወለወል ይተወዋል። ብረቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ መዛግ ይጀምራል፤ ማንም ካልነካው በቀር አያቋርጥም። አዲስ ዝገት ቀይና ዱቄታማ ነው፣ ብረትም ይበላል። በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ በእንጨት እጀታ ታፍኖ የቆየው ዝገት ግን ጠቁሮና ጠጥሮ፣ ከሥሩ ያለውን ብረት የሚጠብቅ ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን ይሆናል። በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ናካጎ ቀለሙ ጥልቅ ጥቁር ቡናማ ነው፤ የሞረዱ ጭረት በአብዛኛው ጠፍቶ በጣት ሲዳሰስ ይለሰልሳል። የ19ኛው መቶ ዘመን ናካጎ ደግሞ ቀለሙ ገና ሳሳ ያለ ነው፣ የሞረዱ ጭረትም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሠለጠነ ዐይን ፊርማውን ከማንበቡ በፊት ዘመኑን ከዚህ ይገምታል። ይህን ቀለም በአሲድ ወይም በሌላ ኬሚካል ለማስመሰል የሚሞክሩ አሉ፤ ነገር ግን የተቀባ ዝገት አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል፣ ጥልቀትም የለውም።

ቅርጹም ይናገራል። የሳጋሚ አውራጃ አንጥረኞች ናካጎ ሆዱ እንደ ጀልባ የታችኛው ክፍል ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። የአንጥረኛው የሙራማሳ ናካጎ ታናጎ የተባለችውን ትንሽ ዓሣ ሆድ ይመስላል፤ ሰብሳቢዎችም በዚያው ስም ይጠሩታል። የሞረዱ ጭረት በአንዱ የአንጥረኞች ቤት አግድም ቀጥ ያለ ነው፣ በሌላው ወደ ጎን ያዘነብላል፤ የአኦኤ አንጥረኞች ጭረት እጅግ ሰያፍ በመሆኑ ይታወቃል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ደግሞ ለውበት ብቻ ተብሎ የሚሞረድ ጌጠኛ ጭረት መጣ። ሽንቁሩም ቢሆን ዝም አይልም፤ በጥንት ዘመን በመሮ ተመትቶ ስለሚበሳ ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል፣ በኋላ ዘመን ግን በመሰርሰሪያ ስለተበሳ ግድግዳው ልሙጥ ነው።

ፊርማው፣ በጃፓኖች አጠራር ሜይ፣ በየትኛው ጎን እንደተቀረጸ ማየት ግድ ነው። ታቺ የሚባለው የቀድሞው ጎራዴ የሚታጠቀው ስሉ ወደ ታች ሆኖ ነው፤ ካታና ግን ስሉ ወደ ላይ ሆኖ በመቀነት ውስጥ ይሻጣል። አንጥረኛው በልማድ የሚፈርመው ጎራዴው ሲታጠቅ ከሰውነት ወደ ውጭ በሚዞረው ገጽ ላይ ስለሆነ የሁለቱ ፊርማ በተቃራኒ ጎን ይገኛል። በጀርባው ቀን ሊኖር ይችላል። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ‘ሁለተኛ ወር’ ወይም ‘ስምንተኛ ወር’ ይላል፤ ይህ የሙያው ልማድ እንጂ ጎራዴው ያለቀበት ትክክለኛ ወር ላይሆን ይችላል።

ጀማሪውን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ፊርማ የሌለው ናካጎ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን ከ90 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ ስለቶች ይሠሩ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጦርነቱም የአታጣጠቁም ዓይነት ሲለወጥ ብዙዎቹ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አጠሩ። የሚያጥሩት ሁልጊዜ ከታች ነው። የጫፉ ብረት በእሳትና በውሃ የጠነከረ ስለሆነ እርሱን መቁረጥ ጎራዴውን መግደል ነው። ስለዚህ የናካጎው ጫፍ ይቆረጣል፣ ከስለቱ የታችኛው ክፍል አዲስ ናካጎ ይወጣል፣ አዲስ ሽንቁር ይበሳል። ብዙ ከተቆረጠ ፊርማው አብሮ ይሄዳል። አንዳንድ ባለቤቶች ስሙ እንዳይጠፋ ፊርማው ያለበትን ቀጭን ብረት ወደ ጀርባ አጥፈው ከአዲሱ ናካጎ ጋር ያጣብቁት፣ ወይም እንደ መስኮት ቆርጠው ይተክሉት ነበር። እንደ እኔ፣ አንድ የጦር ሰው መሣሪያውን ሲያሳጥር የሞተ አንጥረኛን ስም ለማትረፍ ያን ያህል መድከሙ ጎራዴ ለጃፓኖች ምን እንደነበረ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ያስረዳል።

ናካጎ የባለቤቱንም ታሪክ ይመዘግባል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1560 የጦር መሪው ኦዳ ኖቡናጋ በኦኬሃዛማ ጦርነት ተቀናቃኙን ኢማጋዋ ዮሺሞቶን ድል አድርጎ ሲገድለው ዮሺሞቶ የታጠቀውን፣ ሳሞንጂ የተባለው አንጥረኛ የሠራውን ጎራዴ ማረከ። አሳጠረውና በናካጎው ላይ በወርቅ አስጻፈበት፤ በአንደኛው ገጽ ዮሺሞቶ በተገደለበት ዕለት ይዞት የነበረ ጎራዴ መሆኑን ከነቀኑ፣ በሌላኛው ገጽ የራሱን ስም። ጎራዴው ከዚያ በኋላ ጃፓንን በተከታታይ በገዙት በቶዮቶሚና በቶኩጋዋ ቤቶች እጅ አልፏል። በ1657ቱ ታላቅ የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ቃጠሎ ተቃጥሎ እንደገና በእሳትና በውሃ ተጠንክሯል። ዛሬ ኖቡናጋ የሚታሰብበት የኪዮቶው የኬንኩን መቅደስ ንብረት ነው። ስለቱን ብቻ ያየ ሰው በእሳት ተጎድቶ የዳነ አንድ ጎራዴ ነው ብሎ ያልፈው ነበር።

ፊርማ ዋጋን ከፍ ስለሚያደርግ ሐሰተኛ ፊርማ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ጊሜይ ይባላል። በዚህ በጣም የተጎዳው የናጋሶኔ ኮቴትሱ ስም ነው። ኮቴትሱ ጥሩር ሠሪ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ ኤዶ መጥቶ በጉልምስናው ወደ ጎራዴ ሥራ ዞረና ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ስሙ ገና ያኔ ተፈላጊ ስለነበር ‘ኮቴትሱ ካየህ ሐሰተኛ ነው ብለህ አስብ’ የሚል አባባል በጃፓን እስከ ዛሬ ይነገራል። የሙራማሳ ዕጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለቶኩጋዋ ቤት ገደቢስ ነው የሚል ወሬ ስለተነዛበት በኤዶ ዘመን (የቶኩጋዋ አገዛዝ፣ ከ1603 እስከ 1868) ባለቤቶች ስሙን ያስፋቁበት ወይም ያስለወጡበት ናካጎ ዛሬም ይገኛል።

ሐሰቱ የሚለየው በመጀመሪያ በመሮው ምት ነው። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጎ ናካጎውን በአጉሊ መነጽር ማየት ይጠቅማል። አንጥረኛው በመሮ ሲመታ ብረቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተገፍቶ በፊደሉ ጠርዝ ትንሽ ከንፈር ያወጣል። በእውነተኛ ፊርማ ይህ ከንፈር ከዘመን ብዛት ለዝቧል፣ በጭረቱ ሥር ያለው ዝገትም ከዙሪያው ዝገት ጋር ቀለሙ አንድ ነው። በኋላ የተቀረጸ ፊርማ ግን አሮጌውን ዝገት ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከንፈሩ ስል ነው፣ ሥሩም ወይ ይነጣል ወይ በኬሚካል ጠቁሯል። ቀጥሎ እጁ ይታያል፤ አንድ አንጥረኛ አንድን ፊደል ከስንት ምት እንደሚሠራው፣ የትኛውን ምት እንደሚያስረዝም ከታወቁ ሥራዎቹ ጋር ይነጻጸራል። ለዚህ የሚያገለግለው ኦሺጋታ ነው፤ ናካጎው ላይ ስስ ወረቀት ጋርዶ በቀለም እየፈገፈጉ ትክክለኛ ቅጂውን ማንሣት ነው። ናካጎውን ያጸዳ ሰው ይህን ሁሉ ማስረጃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ አከራካሪ ነገር አለ። ሐሰተኛ ፊርማ ያለበት ጥሩ ጎራዴ የታወቁ መርማሪዎች የምስክር ወረቀት ስለማይሰጡት አንዳንድ ባለቤቶች ፊርማውን ያስፍቃሉ፤ ያልተፈረመ ሥራ ሆኖ ሲቀርብ ለሌላ አንጥረኛ ተመድቦ ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። መፋቁ በሠለጠነ እጅ ከተሠራ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ግን በዚህ መቸኮልን አልወድም። መርማሪ ይሳሳታል፣ ዕውቀትም ያድጋል፤ ዛሬ ሐሰተኛ የተባለ ፊርማ ነገ የአንጥረኛው የወጣትነት እጅ ነው ሊባል ይችላል። የተፋቀ ስም አይመለስም።

ናካጎ ስለ ስለቱ ጤንነትም ይመሰክራል። ወልዋዩ ከሻካራው ድንጋይ ወደ ለስላሳው እየተሸጋገረ ሲሠራ በየጊዜው ጥቂት ብረት ይነሣል። ጎራዴው ለዘመናት ደጋግሞ ከተወለወለ ይሳሳል። ናካጎው ግን ፈጽሞ ስለማይወለወል የመጀመሪያውን ውፍረት ይይዛል። ስለዚህ ስለቱና ናካጎው በሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ከላይና ከታች ያለውን ውፍረት ማነጻጸር ነው። ናካጎው ከስለቱ በጉልህ ወፍሮ ከተገኘ ያ ስለት ደክሟል፤ ሌላ ውልወላ ላይችል ይችላል። ሻጩ ስለ ውበቱ የሚለውን ከመስማት ይህን በጣት መዳሰስ ይበልጣል።

ዝገትን ስለ ማክበር ካነሣን የጦር ልብስ ሰብሳቢዎችም ከዚህ ሩቅ አይደሉም። በጃፓን የብረት ቁር ሠሪዎች ዘንድ ብረቱን ሆን ብሎ በልክ አዝጎ ቀይ ቡናማ መልክ መስጠት የታወቀ አጨራረስ ነው። ዝገት መስሎት የወለወለው ሰው የአንጥረኛውን ሥራ ፈግፍጎ ጣለ ማለት ነው። ፊርማም በቁሩ ውስጠኛ ገጽ ይፈለጋል፤ ጥንቃቄውም ያው ነው፣ የምዮቺን ቤተሰብ በኤዶ ዘመን ብዙ ቁሮችን በማስረጃ ላልተረጋገጡ የጥንት አባቶቹ ይመድብ ነበርና።

በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ጎራዴዎች በብዛት ተሰበሰቡ፤ ገሚሶቹ ጠፉ፣ ገሚሶቹ በወታደሮች ሻንጣ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ሄዱ። ቤት ውስጥ ተቀምጠው በቅን እጅ የተፈገፈጉት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። በአገሩ የቀሩትን ለማዳንና ለመመርመር በ1948 የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ዛሬ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ከዝቅተኛው ሆዞን እስከ ከፍተኛው ቶኩቤትሱ ጁዮ አራት ደረጃ አለው። በጃፓን ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ጎራዴ የምዝገባ ካርድ ሊኖረው ይገባል። በካርዱ ላይ የስለቱ ርዝመትና ጉብጠት፣ ፊርማው፣ የናካጎው ሽንቁሮች ብዛትም ሳይቀር ይጻፋሉ። ገዢ ካርዱን ይዞ ሽንቁሮቹን ቢቆጥር ካርዱ የሌላ ጎራዴ መሆን አለመሆኑን ብዙ ጊዜ ማወቅ ይችላል።

ከሩቅ አገር በፎቶግራፍ አይቶ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የናካጎውን የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ነው፤ ከጎን በተያዘ መብራት የተነሣ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታይ። ስለቱን ብቻ እያሳየ እጀታውን ለመፍታት የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠመ መተው ነው። ጎራዴው እጅ ከገባ በኋላ ናካጎውን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። ቀይ ዝገት እየሠራ ከታየ ወደ ሠለጠነ ወልዋይ ይወሰዳል እንጂ ብሩሽም፣ ኮምጣጤም፣ የብርጭቆ ወረቀትም አይቀርቡትም።