ተማሪ ልጆች ያሏቸው ቤት አልባ ቤተሰቦች የመጠለያ ምደባ

ቤቱን ያጣ ቤተሰብ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሉት፣ ተስማሚ መጠለያ ማለት ጣሪያና አልጋ ብቻ አይደለም። ምደባውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የአካባቢው አስተዳደር ወይም ከእርሱ ጋር ውል ያለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቤተሰቡ ያመለክታል፤ ሌላ ማደሪያ እንደሌለው ይጣራል፤ ከዚያ ክፍት ቦታ ወደተገኘበት ይላካል። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በዚህ በመጨረሻው እርምጃ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ከገባ በኋላ ነውና።

በኒው ዮርክ ከተማ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የሚያመለክቱት ብሮንክስ በተባለው የከተማዋ ክፍል በሚገኝ የመቀበያ ማዕከል ነው። ከተማው መጠለያውን ከታናሹ ተማሪ ትምህርት ቤት ጋር ለማቀራረብ ይሞክራል። ልክም ነው፤ ታላቁ ብቻውን አውቶቡስ ይሳፈር ይሆናል፣ ታናሹን ግን አድርሶ የሚመልሰው ሰው ያስፈልጋል። መጠለያዎች ሲሞሉ ግን ቤተሰቡ ወደ ሌላ የከተማዋ ክፍል ይላካል። ያን ጊዜ ልጁ ገና ሳይነጋ ይነሣል፣ ወላጁ ሥራ ይረፍድበታል፣ ከትምህርት መቅረት ይለመዳል።

ቤት አልባ ለሆኑ ሰዎች የወጣው የአሜሪካው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ መነሻው እ.ኤ.አ. 1987 ነው። ለልጁ የሚበጅ እስከሆነ ድረስ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ እንዲቀጥልና መጓጓዣ እንዲቀርብለት ያዛል። ትምህርት ቤት መቀየሩ የተሻለ ሆኖ ከተገኘም፣ አዲሱ ትምህርት ቤት የክትባት ካርድ ወይም የቀድሞ ውጤት አልቀረበም ብሎ ሊመልሰው አይችልም። ቤት አጥተው ከዘመድ ጋር ተዳብለው የሚኖሩ ልጆችም በዚህ ሕግ ይጠበቃሉ፤ ብዙዎቹ መጠለያ ደጃፍ ስለማይደርሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በእንግሊዝ አስተዳደሮች ቤተሰብን አልጋና ቁርስ በሚያከራዩ ማረፊያዎች ከስድስት ሳምንት በላይ ማቆየት አይፈቀድላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ የቦታው ርቀት በልጆች ትምህርት ላይ የሚያመጣው መስተጓጎል እንዲታይ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የለንደኑ የዌስትሚኒስተር ወረዳ ምክር ቤት አምስት ልጆች ላሏት እናት ከለንደን ራቅ ብላ በምትገኘው በሚልተን ኪንስ ከተማ አቅራቢያ ቤት ማቅረቡን መርምሮ በምክር ቤቱ ላይ ፈረደ፤ ቀረብ ያለ ቤት ለምን እንዳልተገኘ አላስረዳም በሚል ነበር።

የክፍሉም ነገር ቀላል አይደለም። በር የሚዘጋ ክፍል፣ ማብሰያ፣ ልጅ የማይፈራው መታጠቢያ ቤት፣ የቤት ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛና የኢንተርኔት መስመር ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ቤተሰብን የሚበትን ደንብ ነው። አንዳንድ የሴቶችና የሕፃናት መጠለያዎች አባትን ወይም ጎረምሳ ልጅን አያስገቡም ነበር፤ እናት ከልጇ መለየትንና ደጅ ማደርን ታማርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስዱ የቤተሰብ መጠለያዎች ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅን ዕድሜ ምክንያት አድርገው ቤተሰቡን እንዳይመልሱ ከልክሏል።

ቋሚ ቤት መገኘቱም ምደባውን ወዲያው አይዘጋውም። ቤተሰቡ በዓመቱ መካከል ቤት ቢያገኝ፣ በማኪኒ ቬንቶ ሕግ መሠረት ልጁ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ በዚያው ትምህርት ቤት የመቆየት መብት አለው።